የእማማ ዘይነባ ማንቆርቆሪያ

መርሳ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ባለፈው ሥዕሎቼን አንድ ጁስ ቤት ሰቅዬ ስለ ኩቢዝም ሳብራራ፣ ሰው ሁሉ የተሰበሰበው አንዲት ማንቆርቆሪያ የሳልኩበት ሥዕል ፊት ነው።

"መኪና የወጣባት ትመስላለች" አለ አንዱ።

ኮራ ብዬ፣ "እናንተ ዕቃን የምታዩት በአንድ ጎኑ ነው። ኩቢዝም ግን ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ቂጡንም አንድ ላይ ያወጣዋል። የሚደበቅ ነገር የለም!" አልኩ።

ይሄኔ ጁስ ሊጠጡ የገቡት ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉባትን ማንቆርቆሪያቸውን ለሥዕል ተውሻቸው ነበር። ሥዕሉ ሳያልቅ መልስልኝ ቢሉኝ፣ ያላለቀ ሥራ ማቋረጥ አልወድምና፣ "ድሮ መልሼልዎታለሁ!" ብዬ ሽምጥጥ አድርጌ ክጃቸዋለሁ።

እማማ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። "ይቺ ቂጧ ሲያፈስ ግራና ከተማ ድረስ ወስጄ ያስበየድኳት አይደለችም?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ ኩቢዝም ማለት..." ብዬ ጀመርኩ።

"ገብቶኛል ልጄ፣ ወላሂ ጥሩ ነገር ነው" አሉ። "እንደ ሰው ፊት ለፊቷን ብቻ ብትስላት ኖሮ በምን አውቅብህ ነበር?"