ቆሞ መንዳት ክልክል ነው

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ ያኮቭ ከመኪናው ጀርባ አንድ የታጠፈ ብስክሌት አወረደ። መሃሏ ላይ ያለውን ማጠፊያ ዘረጋና ብሎኑን አጠበቀ፤ ረጅሙን የመሪ ዘንግ አቆመ፤ ኮርቻውን በቁመቴ ልክ ከፍ አደረገልኝ። ጎማዎቿ የትሪ ያህል ናቸው። የሁለት ልጆች አባት ሆኜ በዚህች ልዞር ነው ብዬ ሳቄ መጣ።

ያኮቭ ግቫት ጺዮን በሚባለው ሠፈር መድኃኒት ቤት ነበረው። የእኔ ሥራ መድኃኒት ለየቤቱ ማድረስ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን ዓመት አልሞላንም፤ ሥራ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ ወር ሊሞክረኝ ተስማማን። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ ቆሞ መንዳት ክልክል ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የሠፈሩ ጎረምሶች ዳገት ላይ መቀመጫቸውን አንሥተው ሲሽቀዳደሙ አይቻለሁና፣ እንደነሱ አትቅበጥ ማለቱ መሰለኝ።

ሁለት ቀን ከሱቁ ጀርባ ስወድቅ ስነሣ ዋልኩ። በሦስተኛው ወጣሁ።

ችግሩ አቲቆት የሚባለው ሠፈር ላይ ነው። እዚያ አንድ ሕንፃ ደጃፍ የኛ ሽማግሌዎች የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ከመሃላቸው አባባ ዋሴ ጎንደር ሳለን የአባቴ ጎረቤት ነበሩ። እሳቸውን ተቀምጬ እንደምን አደሩ ልበል? አይሆንልኝም። ስለዚህ ፊታቸው ስደርስ ፔዳሉ ላይ ብድግ እላለሁ፤ መሪው ላይ ተደግፌ እጅ እነሣለሁ፤ ካለፍኩ በኋላ እቀመጣለሁ። ብስክሌቷ ከሥሬ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች። ይህ በቀን አራት ጊዜ ነው። እርስ በርሳቸው “ጨዋ ልጅ ነው” ሲባባሉ እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ብስክሌቷ ትንቋቋ ጀመር። ያኮቭ ብሎኑን በመፍቻ አጠበቀና ቆመህ ትነዳለህ ወይ አለኝ። ኧረ በጭራሽ አልኩት። መዋሸቴም አልነበረም፤ እኔ ሰላምታ ነው የማቀርበው። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩ።

በማግስቱ አቲቆት ላይ እጅ ስነሣ አንድ መኪና ከኋላዬ ቆመ። ያኮቭ ነው። ወርዶ ማጠፊያውን አሳየኝ፤ ቀጭን ስንጥቅ አለው። ሰው ሲቆም ክብደቱ ሁሉ መሪውና ማጠፊያው ላይ እንደሚያርፍ፣ ከተሰበረ ጥርሴን ከአስፋልት እንደምለቅም ገና ያን ጊዜ ገባኝ።

“ዋሽተኸኛል” አለኝ። “ከሚዋሽ ሰው ጋር አልሠራም።”

ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት በለቃቀምኳት ዕብራይስጥ፣ ለታላቅ መነሣት ወጋችን እንደሆነ ለማስረዳት ተንተባተብኩ።

አባባ ዋሴ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡና ምን ሆናችሁ አሉ። ነገርኳቸው። “ለኛ ብለህ ነው እንጀራህን የምታጣው?” አሉኝ። ከዚያ ወደ ያኮቭ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡት። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። ያኮቭ ደነገጠ፤ እንዴት እንደሚመልስ ጠፍቶት እሱም አጎነበሰ።

“በሴደር፣ እሺ” አለኝ። “ወሩን ጨርስ። ግን ተቀምጠህ።”

ብስክሌቷ ተበይዳ በሦስተኛው ቀን ወደ አቲቆት ስመለስ፣ ሽማግሌዎቹ ወንበሮቻቸውን አዙረው፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ተቀየሙኝ ብዬ ፍሬን ያዝኩ። አባባ ዋሴ ሳይዞሩ፣ “እለፍ ልጄ፤ አላየንህም” አሉኝ። ተቀምጬ አለፍኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ የተከለከለውን ሁሉ ለምን እንደተከለከለ በመጀመሪያው ቀን ጠይቅ። እኔ ስላልጠየቅሁ ስድስት ሽማግሌዎች ያን በጋ ግድግዳ ሲያዩ ከረሙ።