ለዘር የምትሆን ባቄላ

የታራሚዎችን ደህንነት የምንለካበትን መጠይቅ ልንሞክር ደብረ ማርቆስ ማረሚያ ቤት የገባን ዕለት፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ጋቢያቸውን እንደ እንግዳ አጣፍተው ነበር። እዚህ አገር «እንዴት ነዎት?» የተባለ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስለሚል፣ መልሱን ስኒ ውስጥ በሚጨመር ባቄላ አድርገነዋል። ደህና የሆነ ስኒውን ይሞላል፤ የከፋው ጥቂት ፍሬ ይጥላል።

እሳቸው ግን መጀመሪያ ባቄላውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ነቀዝ የነካውን ለዩ።

«ይቺስ ለዘር ትሆን ነበር፤ ለጥያቄ አዋላችኋት?» አሉኝ ከደህናዎቹ አንዷን መርጠው እየሳቁ።

ለእንቅልፉም ለምግቡም ጥያቄ ሳይሰስቱ ጨመሩ። «ሲፈቱ አገሬ እገባለሁ ብለው ተስፋ ያደርጋሉ?» ስላቸው ግን እጃቸው ቆመ። የገደሉት ሰው ቤተሰብ ገና አልታረቃቸውም፤ ያለ እርቅ ደግሞ አገራቸው ቁይ ያለው ማሳቸው ላይ መቆም አይችሉም።

«ይኼኔ ባቄላው አብቧል» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ሽታው ገና ከሩቁ ነው የሚቀበልህ።»

ስኒው ውስጥ ምንም አልጨመሩም። ለዘር የመረጧትን ፍሬ ጨብጠው ያዙ።

«ባዶ ነው ልበል፣ ጋሼ?»

«ባዶስ አትበል፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ ትናንት ለእርቅ ሟች ቤት ሄደዋል። እስኪመለሱ ይቺ ፍሬ እኔ ጋ ትቆይ።»