አክስቴ ስብሰባ ገቡ

ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ደጃፍ ላይ አንድ የመብራት ምሰሶ አለ። ናይሮቢ ውስጥ የመብራት ምሰሶ ዋና ሥራው የጠንቋይ ማስታወቂያ መሸከም ነው። የጠፋ ባል እመልሳለሁ፣ የተሰረቀ ዕቃ አስገኛለሁ ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። አንድ ቀን ጠዋት የአካባቢው አስተዳደር ያወጣው ወረቀት ከነዚህ በአንዱ ላይ ተደርቦ ተለጥፎ አገኘሁት። ታችኛው ክፍሉ ተቀዷል። ከላይ “ነዋሪዎች በማታቱ ፌርማታው መዛወር ላይ ሐሳብ እንድትሰጡ ተጋብዛችኋል” ይላል፤ ከተቀደደው ሥር ደግሞ “ባልሽ እያለቀሰ ይመለሳል።”

ባሌ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር፤ ማልቀሱንም እያለቀሰ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው አላሳሰበኝም። ያስደነገጠኝ የመጀመሪያው ነው። ማታቱ የዚህ ከተማ ታክሲ ነው፤ ሙዚቃው ከሞተሩ በላይ ይጮኻል፣ ረዳቱ ከሙዚቃው በላይ ይጮኻል። ፌርማታውን ከመንገዱ ማዶ አንሥተው እኔ በር ላይ ሊያደርጉት ነው።

ወሬውን ለአክስቴ ነገርኳቸው። አክስቴ ለጥየቃ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ለብዙ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። ስብሰባ ሲባል ፊቱ የሚበራ ሰው እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

“ስብሰባ አለ እንዴ?” አሉ ቀና ብለው።

“አዎ እትዬ። ከፈለግን ሄደን ሐሳብ እንሰጣለን።”

“ከፈለግን? ካልሄድንስ ምን ያደርጉናል?”

“ምንም።”

“ስኳር አይከለክሉም?”

“አይከለክሉም።”

“ታዲያ ማን ይመጣላቸዋል?” አሉ ከልባቸው ተገርመው።

እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሕግ ታጠናለች። ወረቀቱን ስታይ ዘለለች። “ማሚ፣ ፐብሊክ ፓርቲሲፔሽን እኮ ነው! ኮንስቲትዩሽኑ ላይ አለ። ላዚማ ይስሙን!” ላዚማ የግድ ማለት ነው። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የገባቸው “ማሚ” የምትለዋ ብቻ ብትሆንም፣ የልጅቷን ቁጣ ወደዱት።

በቀኑ ሦስታችን ሄድን። ዝናብ እየጣለ ነበር። የአስተዳደሩ አዳራሽ በር ላይ ዘበኛው ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል።

“ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው?” አለችው ልጄ።

“ክፍት ነው።”

“እንግባ?”

“እናንተ ማን ናችሁ?”

“ሕዝብ።”

“ከየትኛው ድርጅት?”

ልጄ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ መጥራት ጀመረች። ዘበኛው በትዕግሥት ያዳምጣታል፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አክስቴ ክርክሩ አሰለቻቸው። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥለታም ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። በሁለቱ መሀል አልፈው ለዘበኛው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት። ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ አለና “ካሪቡ ማማ” ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። እኔና ልጄ አጃቢ መስለን ተከትለን ገባን።

ውስጥ ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ ባለሥልጣናቱ ተደርድረዋል። ከፊት ለፊታቸው ያለው ሕዝብ ግማሹ የዚያው ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ሌላው ዝናብ የሸሸ መንገደኛ። አክስቴ ቀጥ ብለው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው የዝውውሩን ጥቅም በጥድፊያ አነበበና “ተቃውሞ ከሌለ...” ሲል እጄን አወጣሁ። ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ጭሱ፣ ደንበኛ በየት በኩል እንደሚገባ ተናገርኩ። “እናመሰግናለን” አለኝ፤ ዓይኑ ግን ሰዓቱ ላይ ነው።

ይሄኔ አክስቴ ተነሡ።

“ክቡር ሰብሳቢ!” አሉ በአማርኛ። ድምፃቸው ማጉያ አያስፈልገውም። አጀንዳው እንዳልጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ማን እንደሆነ እንዳልተነገረ፣ የተገኘው ሰው እንዳልተመዘገበ አንድ በአንድ አስረዱ። ከዚያ ወደ ፌርማታው መጡ፤ እናቶች ልጅ ይዘው በየት እንደሚሻገሩ ጠየቁ፣ የመኪና ጎማ ስለሚረጨው ጎርፍ ተናገሩ። ምን እንደሚሉ ሳይገባው አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማቸው። ሲጨርሱ ተቀመጡና ወደ ልጄ ዞረው “ተርጉሚ” አሉ።

ልጄ ተነሥታ በእንግሊዝኛ “አይስማሙም” ብላ ተቀመጠች።

“ያ ሁሉ በአንድ ቃል አለቀ?”

“እማማ፣ እንግሊዝኛ አጭር ነው።”

ሰው አጨበጨበ። ሰብሳቢውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናቸው። እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አክስቴ ግን “ቃለ ጉባኤውን ሳላይ አላምንም” አሉ።

በሳምንቱ ወደዚያው ቢሮ ተመለስን። ቃለ ጉባኤ የያዘው ሰው ራሱ ከመስኮቱ ኋላ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው። “ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማየት ትችላላችሁ” አለና ወረቀቱን በመስታወቱ በኩል አንሥቶ አሳየን። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

“እናንብበው እንጂ” አለችው ልጄ።

“ማንበብ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው” አለ፤ አለቃውን ለማማከር ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆይቶ ሲመለስ ወረቀቱን ሰጠን። ልጄ ጥቂት እንዳነበበች በሳቅ ፈረሰች።

“ምን ይላል?” አሉ አክስቴ።

“‘ከጎረቤት አገር የመጡ የክብር እንግዳ በአገራቸው ቋንቋ ረዥም የድጋፍ ንግግር አድርገዋል፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀብሎታል።’”

ሰውዬው አፈረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ልጄ ያለችውን እንዳልሰማ ነገረን። “ንግግሩ ደግሞ ረዥም ነበር” አለ። “እዚህ ረዥም የሚናገር ሰው ሲያመሰግን ነው።”

አክስቴ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ የነጠላቸውን ጥለት ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

“የክብር እንግዳ ነው ያለው?”

“አዎ እትዬ።”

“እንግዲህ... እሱስ ደግ አለ” አሉና ወዲያው ኮስተር ብለው፣ “ይታረም!”

ሰውዬው ማረም የሚቻለው በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት መሆኑን አስረዳ። አክስቴ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይሄ ሰው ሥራውን ያውቃል” አሉ፤ ናይሮቢ ከመጡ ወዲህ ስለ ማንም እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም።

እስከዚያ ድረስ እኔ ለምሳ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ወሬውን ነዛሁ። አክስቴ ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እያጠኑ ባሌን ጓዳ ውስጥ ሰላም ነሱት። ቀኑ ሲደርስ ፋርማሲስቱ መጣ፣ ፍራፍሬ ሻጯ መጣች፣ ጎረቤት ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች መጡ፤ ወንበር ጠፋ። በር ላይ ዘበኛው እያንዳንዱን “ከየትኛው ድርጅት?” እያለ ድምፁ ዘጋ።

ሰብሳቢው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጽደቅ እንደሆነ ሲጠይቅ አክስቴ ብድግ አሉ።

“ዘ ሚኒትስ አር ሮንግ!”

ሰብሳቢው ደነገጠ። “የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?” አላቸው በእንግሊዝኛ።

ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አልተጠናም። አክስቴ ትንሽ አሰቡና “ኦል” አሉ።

አዳራሹ በሳቅ አበደ፤ ሰብሳቢው ራሱ ሳቀ። በዚህ ጊዜ ልጄ ተነሥታ የመጀመሪያውን ንግግር ከነጎርፉ፣ ከነእናቶቹ፣ ምንም ሳትቀንስ ተረጎመችው። ፍራፍሬ ሻጯ ቀጠለች፣ ፋርማሲስቱ ቀጠለ። ቃለ ጉባኤው ታረመ። በመጨረሻም ፌርማታው ወደ እኔ በር መምጣቱ ቀረና ታች ነዳጅ ማደያው አጠገብ እንዲሆን ተወሰነ።

አሸነፍን ማለት ነው። ከማዶ ወርዶ እኔ ጋ ይበላ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ አሁን ማደያው ጋ ይወርዳል፤ እዚያው ያለችው ሳምቡሳ ቤት በምሳ ሰዓት መቆሚያ የላትም። ባሌ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየ “ጸጥታው ግን ደስ ይላል” ይለኛል። ደስ እያለው ይሁን እየወቀሰኝ እስካሁን አልለየሁም።

አክስቴ ስብሰባውን አልተዉም። “የእኛ ጉዳይ እኮ አለቀ” ስላቸው “የነሱ መቼ አለቀ” ብለው ነጠላቸውን ያነሣሉ። ትናንት ስለ ቆሻሻ መጣያ ቦታ ነበር። ልጄ ፈተና ስለነበረባት ብቻቸውን ሄዱ፤ እኔም ሲመለሱ ያለ አስተርጓሚ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

“ምን ችግር አለ? ሰብሳቢው አማርኛ እየለመደ ነው” አሉኝ ጫማቸውን እያወለቁ። “‘ይቀመጡ’ የምትለዋን እንደሆን አቀላጥፏታል።”