አጋም እና የአያቷ ጥያቄዎች

እስራኤል ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር፣ በሽኩና ጊሜል፣ አማረችን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። እኔ ፈቃዱ ግን በደንብ አውቃታለሁ። የአስተማሪ ረዳት ሆና በምትሠራበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥበቃ ነኝና፣ ጠዋት መጀመሪያ የምትለክፈው እኔን ነው። "ዛሬም ጢምህን ሳትላጭ መጣህ?" ትለኛለች። እሷ ካልለከፈችኝ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም።

ድሮ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ታሽግ ነበር። ዕብራይስጥ ማንበብ የለመደችው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ነው፤ "ዓይን እንዳይነካ፣ ሕፃናት እንዳይደርሱበት" እያለች። ተረት ብዙ የማይጥማት ለዚህ ይመስለኛል። "ተረት በየቤቱ ሞልቷል፤ ልጆቹ ያጡት የነገሩን ስም ነው" ባይ ናት። ከቀትር በኋላ ልጆቹን ሰብስባ የምታስነብባቸው ስለ ዝናብ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ባቡር ነው። አንድ ነገር ከያዘች ደግሞ በዚያው ላይ ሦስት አራት መጽሐፍ ታከታትላለች። ያው ቃል በየመጽሐፉ ሲመላለስ ልጁ ሳይታወቀው ይለምደዋል።

ዘንድሮ እንቅልፍ የነሣቻት አጋም ናት። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጭምትና ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። "ገባሽ?" ስትባል አንገቷን ትነቀንቃለች። አማረችም እንደማንኛችንም ሰው ደስ አላት፤ እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ከየት ይገኛል! ወራት ሙሉ ስታመሰግናት ከርማ፣ የክፍሉ አስተማሪ ኑሪት የቃላት ፈተና ስትሰጣት ልጅቷ ግማሹን እንኳ አላወቀችም። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ትፈተናለች፤ ያኔም ካልሆነላት ከጓደኞቿ ተለይታ ደከም ያሉ ልጆች ወደሚማሩበት ትንሽ ክፍል ትዛወራለች ተባለ።

ያን ቀን አማረች በሩ ጋ መጥታ እንባዋ መጣ። "ጨዋነቷ እውቀት መሰለኝ፤ እንዴት እኔ እንኳ ይጠፋኛል?" አለችኝ። እኔም ቢሆን ይጠፋኝ ነበር። በእኛ ቤት ልጅ ትልቅ ሰውን በጥያቄ አያፋጥጥም። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባለች ያደገች ልጅ ያልገባትን ቃል በምን አፏ ትጠይቅ? አማረች "ጠይቂኝ" ብላ ብትለምናትም ያው አንገቷን ነቀነቀችላት።

አማረች ግን በዋዛ የምትረታ ሴት አይደለችም። የእኛ ልጅ ለራሱ አይጠይቅ እንጂ ለሽማግሌ ሲሆን ማን ይችለዋል! ክሊኒክ ለአያቱ የሚያስተረጉም እሱ፣ ፖስታ ቤት የሚሟገት እሱ። የአጋም አያት አባባ ደሞዝ ደግሞ አገር ቤት ሳሉ የንብ ቀፎ ነበራቸው። ስለ ንብ የተጻፈ መጽሐፍ ለልጅቷ ሰጠቻትና "አባባ ዕብራይስጥ አያነቡም፤ አንብበሽ አስረጂልኝ። የሚጠይቁሽን ይዘሽልኝ ነይ" አለቻት።

በማግስቱ አጋም እየሮጠች ገባች። ዕብራይስጡንና አማርኛውን እየቀላቀለች "ሳባ ተቆጣ!" አለች፤ አያቷን መሆኑ ነው። "የንብ አውራ ወንድ ነው ይላል። መጽሐፉ ግን ማልካ ናት፣ ንግሥት፣ እንቁላል ትጥላለች ይላል። ሳባ አላምንም አለ!"

አማረች ሁለተኛ መጽሐፍ አወጣችላት፤ ለአባባ ያም አልበቃቸውም፣ ሦስተኛ አስመጡ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነው። ሰሙ ከየት ይመጣል ብሏል ሳባ፤ ድንጉላው፣ ወንዱ ንብ፣ ሥራ ከሌለው ለምን ያበሉታል ብሏል ሳባ። ልጅቷ መልሱን ፍለጋ ገጽ ታገላብጣለች፤ ያልገባት ቃል ሲገጥማት በሳባ ስም ያለ ሐፍረት ትጠይቃለች። መጽሐፉ "ጹፍ" ያለውን የአበባ ጣፋጭ ውኃ አባባ "ቅስም ነው ልጄ" ሲሏት ሁለቱንም ይዛ መጣች። ንቡ ሲያልቅ ወደ ጉንዳን፣ ከጉንዳን ወደ ምስጥ ተሻገሩ። አባባን መንገድ ላይ አግኝቼ "አውራው ሴት ሆነች አሉ?" ብላቸው "ተወኝ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እመቤቲቱን አንተ ስላት ኖሬ!" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

የፈተናው ቀን ኑሪት አማረችን ከልጅቷ ጎን እንድትቀመጥ ፈቀደችላት፤ የሆነውን የነገረችኝ አማረች ራሷ ናት። የተሰጣት ገጽ ስለ በረሃ ቀንድ አውጣ ነበር፤ አያቷ አይተውት የማያውቁት ነገር። አጋም ቃሎቹን አንድ በአንድ ስትፈታ ቆይታ አንዷ ላይ ቆመች። አማረች የምትነቀንቅ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ ግን ቀስ ብላ "አላውቀውም" አለች፤ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሲያበቃ ኑሪት ወረቀቱን ሰበሰበች። "ጎበዝ፣ ከክፍልሽ የትም አትሄጂም" አለቻት። አማረች ተነሥታ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። አጋም ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ያለፈቻት ቃል ላይ ጣቷን አሳርፋ አስተማሪዋን "ሞራ፣ ይቺ ምን ማለት ናት?" ብላ ጠየቀች።

ኑሪት ፈገግ አለች። "ይህንንም ሳባ ነው የሚጠይቀው?"

"ሎ፣ አይደለም" አለች አጋም። "እኔ ነኝ።"