ሳንቲሙ አንበሳ ሲወጣ

የወንድሜ የመጨረሻ ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ላንቴ ቀበሌ ባለው የሙዝ መጋዘን፣ ሥራ ሳይጀመር፣ የአንድ ብር ሳንቲም ወደ ላይ ወረወረ። አንበሳው ከወጣ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይከፈታል። ሚዛኑ ከወጣ ዝም ይባላል። ሥራ ሲያልቅ የታሸገው ሳጥን ይቆጠራል። ሙዚቃ ሥራ ያፋጥን እንደሆነ የሚፈትንበት የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጥናቱ ነበር። እኔ እዚያው ሳጥን እጭናለሁ፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም።

«መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም እንላለን» ይለኝ ነበር። «ማስረጃው እስኪያስገድደን ድረስ እዚያው እንቆማለን።»

ያን ቀን አንበሳ ወጣ። ስፒከሩ ሲከፈት የአሻጊዎቹ ሴቶች እጅ በረረ። ወንድሜ ግን ደስ አላለውም። ወደ አለቃቸው ሄደ።

«እማማ፣ ዘፈን ሲኖር ለምን እንዲህ ትቸኩላላችሁ?»

«እንድታልፍ ነዋ! ልጃችን በዘፈን ሊወድቅ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ራሱን ያዘ።

«እባካችሁ አትርዱኝ። እንደ ሌላው ቀን ሥሩ። ሌላ ነገር ከገባበት ቀኑ አይቆጠርም።»

«ሲረዱት የሚያኮርፍ ተማሪ ደግሞ አይተን አናውቅም!»

አመሻሽ ላይ በጓደኛው ሞተር ቀድሞኝ ሄደ። ቤት ስደርስ አልነበረም። ደወልኩ። አይነሳም። ምንም አልሆነም እንበል፣ አልኩ። ደግሜ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። እናቴ በር ላይ ቆማ «የት ደረሰ?» ትለኛለች። ሻይ ቤት ገብቶ ይሆናል፣ አልኳት። ድምፄ ግን... እሷም ሰማችው መሰለኝ።

ከዚያ አጎቴ ከሆስፒታል መጣ። የወንድሜን ጃኬት ይዟል። እናቴ ገና ስታየው ጮኸች። እኔ ያኔም ቢሆን፣ ጃኬቱን ረስቶት ይሆናል፣ እያልኩ ነበር።

ሲነጋ ከልቅሶው ተነስቼ ላንቴ ሄድኩ። የተቆረጠ ሙዝ ቀብር ነው ብሎ አይጠብቅም፤ ሴቶቹም አሽገው ነው ወደ ቀብሩ የሚመጡት። ሳንቲሙ ስፒከሩ አጠገብ ነበር። ወረወርኩት። አመለጠኝ። ከመሬት አነሳሁት።

«ምን ወጣ?» አሉ እማማ።

«አንበሳ።»

«ወይ ልጄ። ዛሬማ አይከፈትም።»

«አውቃለሁ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ታዲያ ጥናቱስ? እንዳይበላሽበት» አሉ።

«ይሄ ቀን አይቆጠርም» አልኳቸው። «ሌላ ነገር ገብቶበታል።»

ሳንቲሙን ወደ ቦታው መለስኩ። ሳጥን ማንሳት ጀመርኩ።