የበርናዲን ምላስ

በርናዲን ጋፒንስኪ በሚልዋኪ ደቡብ ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ነው የምትኖረው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው ወንዙ ዳር በነበረው ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ነው፤ መጀመሪያ ጠርሙስ በሚሞላው ማሽን ላይ፣ በኋላ ደግሞ ቀማሽ ሆና። ጠዋት ጠዋት ከሰባት ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብባ ትቀምሳለች። እሷ «ይሄ አይወጣም» ካለች አይወጣም። ፋብሪካው ሲዘጋ ቀማሾቹን ኬክ ቆርሰው አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቢራ የጠየቃት ሰው የለም።

ሁለት መንገድ አልፎ የነበረው ጋራዥ ቢራ ጠምቆ የሚሸጥ ቤት ሆኖ ሲከፈት «እግሬም አይረግጠው» ብላ ነበር። ልጇ ቶድ ግን ልደቴን እዚያ ካላከበርኩ አለና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔንም ጨምሮ ይዟት ሄደ።

ገና ከመግባታችን የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ እጇን ላሳት። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ሕፃናት ይንከባለላሉ።

«ይሄ መጠጥ ቤት ነው መዋለ ሕፃናት?» አለች።

አስተናጋጁ ብራይስ የሚባል ጺማም ነው። «ቢራ ስጠኝ» አለችው።

«የትኛውን? ሃያ ሁለት ዓይነት አለን። ዝርዝሩን በስልክዎ ማንበብ ይችላሉ።»

«የእኔ ስልክ ይደወልበታል እንጂ አይነበብም።»

«እሺ፣ ማንጎና ቫኒላ ያለበት አለ። የቁርስ ኮርንፍሌክስ የገባበትም አለ፣ እሱን ሰው ይወደዋል።»

«ልጄ፣ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት። ቢራ ቢራ የሚል የለህም?»

ብራይስ በረጅሙ ተንፍሶ ቀላ ያለ ድራፍት ቀዳላት። አሸተተችው። አንዴ ተጎነጨችና አስቀመጠችው።

«ቅቤ ቅቤ ይላል።»

«እማዬ፣ በናትሽ፣ ዛሬን እንኳ» አለ ቶድ።

«ምን ላድርግ፣ ይላል! ቢራው የሚመጣበት ቱቦ አልታጠበም።»

ብራይስ ፈገግ አለ። «ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተጠመቀው። ለምላስዎ አዲስ ሆኖብዎት ነው።»

ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ።

«ለምላሴ?» አለች ቀስ ብላ። «ጠማቂውን ጥራልኝ።»

ቶድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጠማቂዋም ባለቤቷም ኢንግሪድ የምትባል ሴት ናት። የላስቲክ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች፣ እጇን እየጠረገች መጣች። ቤቱ ጢም ብሎ ስለነበር ፊቷ አልተፈታም።

«ምን ልርዳዎት?»

«ይሄን ቅመሺ። ቀጥለሽ ደግሞ ከመጥመቂያው ታንክ ቀድተሽ ቅመሺ። ከዚያ እናወራለን።»

ኢንግሪድ ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ቀመሰች። ታንኮቹ ወዳሉበት ከመስታወት ግድግዳው ጀርባ ሄዳ ከታንኩ ቀዳች፣ ቀመሰች። ተመልሳ መጥታ የፊተኛውን ደገመችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ብራይስ፣ ቱቦ የታጠበው መቼ ነው?»

ብራይስ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አንድ... ስድስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

አልተቆጣችውም። ያ ሁሉ ሰው እያየ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ዘጋችና «ይቅርታ፣ ለሁለት ሰዓት ቢራ የለም፤ ቱቦ እናጥባለን» ብላ ተናገረች። ቤቱ በማጉረምረም ተሞላ። «ያቺ አሮጊት ናት!» አለ አንዱ ከኋላ። የቶድ እንግዶች ባዶ ብርጭቆ ይዘው በርናዲንን ያዩዋታል።

«ልደቴ እኮ ነበር፣ እማዬ።»

«እንኳን ተወለድክ። ቅቤ ከምትጠጣ ባዶ ብርጭቆ ይሻልሃል።»

ትንሽ ቆይታ ኢንግሪድ ከታንኩ የቀዳችውን አንድ ብርጭቆ ይዛላት መጣች። በርናዲን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው፣ ጠጣች፣ ደገመች።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለች።

«ማን አስተማረዎት?» ብላ ኢንግሪድ አጠገቧ ተቀመጠች።

በርናዲን ስለ እርሾው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ አረፋው ማውራት ጀመረች። ቱቦው ታጥቦ ሲያልቅ ወሬዋ አላለቀም። ስንት ዓመት ጎረቤቷ ስሆን፣ ስለዚያ ጠረጴዛና አብረዋት ስለቀመሱት ሰባት ሰዎች ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው።

አሁን በየማክሰኞው ጠዋት ቀማሽ ሆና እዚያ ትሄዳለች። ንዴቷ ቀለል ይላታል ብዬ ነበር፤ ባሰባት። ባለፈው ማክሰኞ ቤቴ በጓሮ በር ሳታንኳኳ ገብታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው።

«ዱባ ከተቱበት!» አለች። «ዱባ! አይሆንም ስላቸው ሰው ይወደዋል ይሉኛል።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ፣ ተያቸዋ።»

አፈጠጠችብኝ። «ልተዋቸው? እኔ ብቀርማ ምን እንደሚከቱበት ታውቂያለሽ?»