የጉንፋኑ አባባ

ሰልፈኛው «የጉንፋኑ አባባ» ይላቸዋል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያው መስኮት ላይ አይጠፉም። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከኪሳቸው አትወጣም። ዛሬ ከኋላቸው የቆመችው ልጇን ያዘለች እናት ናት።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለች መዝጋቢዋ። ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«ጉንፋን ቢጤ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የሚመጣው ሰኞ ይመለሱ፣ አባባ። የቤተሰብ ሐኪሙ ዛሬ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ለባሰበት ሰው።»

«እሺ፣ ይሁን» ብለው ሊዞሩ ሲሉ ሳል ያዛቸው። እጃቸው መሐረብ ይዛ ከኪስ ወጣች። እናትየዋ አየችው፤ በደረቀው ደም ላይ ትኩስ ደም።

«ይንገሯት እንጂ፣ አባባ» አለች በሹክሹክታ።

«አፍ አውጥቼ ከተናገርኩት እውነት ይሆንብኛል» አሉ፣ መሐረቡን በአራት እያጠፉ።

እሷ ግን አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ ለመዝጋቢዋ ነገረቻት። መዝጋቢዋ ብድግ አለች። «አባባ፣ ይግቡ። ሐኪሙ አሁን ያዩዎታል።»

ስድስት ሰኞ የተመላለሱበት ቀጠሮ ነበር። የመስኮቱን ደፍ ጨበጡ።

«ዛሬ?» አሉ። «ለነገ ቢሆንስ፣ ልጄ?»